ጓንቱ ያልተነሣላት ኳስ

ቨርሊን ሳተርን መንገድ ላይ ያየ ሰው የቤዝቦል ዳኛ ነው ብሎ አይገምትም። አጭር፣ ወገበ ሰፊ፣ ሲናገር መሬት መሬቱን የሚያይ ሰው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በየእርሻው እየዞረ ወተት ይሰበስባል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግን ያቺን ጥቁር የፊት መከላከያ ጭንብል ሲያጠልቅ ሌላ ሰው ይሆናል። "ስትራይክ!" ሲል ድምፁ ሜዳውን አልፎ በቆሎው ውስጥ ይገባ ነበር። ወርዋሪው የላካት ኳስ ከመቺው ጉልበት እስከ ደረቱ ባለው ውስጥ ካለፈች ስትራይክ ናት፤ ሦስት ከሞላች መቺው ይወጣል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ከኮሪያ ጦርነት ሲመለስ ከመቺው ኋላ ኳስ ከሚቀልበው ተቀባይ ጀርባ ያለችው ያቺ ክንድ የማትሞላ መሬት ላይ ቆመ፤ ያው ቀረ። "ከዚህ ካነሡኝ የት እሄዳለሁ ኦርቪል?" ይለኝ ነበር።

ኦርቪል እኔ ነኝ፣ የቤዞቹ፣ ሯጮቹ እየረገጡ የሚያልፏቸው የሦስቱ ማዕዘኖች ዳኛ። እሱ ከተቀባዩ ኋላ፣ እኔ ሜዳው መሃል። እኔ ቱግ የምል ሰው ነኝ፤ የሰደበኝን ካልሰደብኩ ምግብ አይበላልኝም። እሱ ግን ተመልካቹ "ቨርሊን፣ ዳኝነቱ ይቅርብህ፣ ሂድ ላሞችህን እለብ!" ሲለው፣ "ታልበዋል" ይልና ዝም።

እኛ ሚኒሶታ ውስጥ ቂም በኳስ ነው የሚመለሰው። የእኛን መቺ ጀርባውን አልከው? ያንተም መቺ ተራው ሲደርስ ኳሷ ጀርባውን ታገኘዋለች። ዳኛው ሁለቱንም ቡድን ያስጠነቅቃል፣ ከዚያ ወዲያ አስቦ ሰው የመታ ወርዋሪ ይባረራል። ይኼ ቀላሉ ነው። ዳኛው ላይ ቂም የያዘስ? ወርዋሪው ዳኛውን ሊመታው አይችልም፤ መሃላቸው ተቀባዩ ቁጢጥ ብሏል። የተቀባዩ ጓንት እስከተነሣ ድረስ ዳኛው ምንም አይነካውም። ዳኛውም ውለታ ያውቃል። የመቺውን ዱላ ነክታ የተፈናጠረች ኳስ ተቀባዩን ስታገኘው፣ ብሩሹን ያወጣና መቺው እግር ሥር መሬት ላይ ያለችውን ንጹሕ ነጭ ሰሌዳ እንደ ቆሻሻ እያስመሰለ ይጠርጋል፣ ሰውዬው ነፍስ እስኪዘራ። ማንም አልጻፈውም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ነገሩ የሆነበት እሑድ ነሐሴ ውስጥ ነበር። ኖርዌይ ግሮቭና ክሊር ክሪክ የሚባሉ ቡድኖች ተገናኙ፤ ያሸነፈ ወደ ግዛቱ ውድድር ይሄዳል። የኖርዌይ ግሮቭ ተቀባይ ዳሬል ኦስትቢ ነው፣ ትከሻው በር የሚያህል። ወርዋሪው ደግሞ ኬንት ሊንድቨል፤ የሦስት ልጆች አባት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ ጨዋ ሰው።

በአምስተኛው ዙር አንዲት ኳስ ዳሬልን አንገቱ ሥር አገኘችውና በአራት እግሩ ቀረ። ቨርሊን ብሩሹን አወጣ። "ተንፍስ የኔ ልጅ፣ የሚያስቸኩለን የለም" እያለ ያቺን ሰሌዳ እንደ ሠርግ ቤት ጠረጋት። በስድስተኛው ዳሬል ሊመታ ወጣ። ሦስቱም ቤዝ በሰው ተይዟል፤ አንድ ጥሩ ምት ካገኘ ጨዋታው አለቀ። ሁለት ስትራይክ ተቆጥሮበታል፤ ሦስተኛዋን ኳስ ቆሞ አሳለፋት።

"ስትራይክ!"

"ዝቅ ያለች ናት!" አለ ዳሬል።

"ጉልበትህ ላይ ነበረች።"

"ጉልበቴ የት እንዳለ አንተ ልትነግረኝ ነው?"

ከገዛ ደጋፊዎቹ አንዷ ሴትዮ "ዳሬል፣ ፈልገውና አሳየን!" ብላ ጮኸች። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ዳሬል አንገቱ ድረስ ቀላ፤ አንድ ቃል ሳይመልስ ሄደ። የሚጮህ ተጫዋች አያስፈራኝም፣ ጮኾ ይወጣለታል። የሱ ዝምታ ግን አልጣመኝም።

በሰባተኛው ክሊር ክሪኮች ሁለተኛው ቤዝ ላይ ሰው ነበራቸው፤ ስለዚህ እኔ ከወርዋሪው ኋላ ቆሜያለሁ። ከዚያ ለወርዋሪው ምልክት የሚሰጥባቸው የተቀባዩ ጣቶች ይታዩኛል። አንድ ጣት ፈጣን ኳስ፣ ሁለት ጣት ወደ መሬት የምትታጠፍ ጠማማ ኳስ። ዳሬል አንድ ጣት አሳየ። ኬንት ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረ። ኳሷ ገና ከእጁ ሳትወጣ ዳሬል በሁለት ጉልበቱ ተንበርክኮ አንገቱን ቀበረ፤ ጓንቱ መሬት ላይ ነው። ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቨርሊን ከጭንብሉ ሥር ጉሮሮውን ይዞ ወደ ኋላ ወደቀ።

 ሜዳው በሙሉ ክው አለ። ቢራ የያዘው በቢራው፣ ፓይ የጎረሰው በጉርሻው ደርቆ ቀረ። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም።

"ቨርሊን! ኧረ ቨርሊን፣ ትሰማኛለህ?"

አፉ ይከፈታል፣ አየር የለም። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሚመስል አንድ ትንፋሽ እያፏጨ ገባ። የፈጣሪ ያለህ! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፤ ይኸው በዓይኔ አየሁ።

ዳሬል አቧራውን እያራገፈ፣ "ምልክት ተደበላለቀብን፣ ጠማማ ኳስ ነበር የጠበቅኩት" አለ።

"አንተ ቀጣፊ! አንድ ጣት አላሳየህም?"

"ከዚያ ሁሉ ርቀት? መነጽር ግዛ ኦርቪል!"

ደሜ ፈላ። ቨርሊንን ደግፌ እያስቀመጥኩ በጆሮው፣ "አባረው። ካልሆነም እንደ ሌሎቹ ዳኞች አድርግ፣ ተራው ሲደርስ ከጫማው እስከ ቆቡ ያለፈችውን ሁሉ ስትራይክ በለው" አልኩት።

"እሱ ዳኝነት አይደለም" አለ። ድምፁ የለም፣ በሹክሹክታ ነው። ከዚያ ዳሬልን ቀና ብሎ አየው። "አስበህ ነው?"

"አይደለም።"

የቨርሊን ልማድ ይኼ ነው፤ አንድ ጊዜ ይጠይቃል፣ የሰውን ቃል ይቀበላል። ሊቀበለው ነው ብዬ እርር ስል ኬንት ቆቡን አውልቆ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ይዋሻል" አለ። "ተነጋግረን ነው። 'እኔ ዝቅ እላለሁ፣ አንተ ጭንብሉን በልልኝ፣ ይደነግጣል፣ እንስቃለን' አለኝ። እሺ አልኩት። ቨርሊን፣ በልጆቼ እምላለሁ፣ ከጭንብሉ ሥር ጉሮሮ እንዳለህ አላሰብኩም።"

ኬንት! ጠዋት ሕፃናት ሲያዘምር የነበረው ኬንት! ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሉ። የዳሬል ቂም ቢያንስ የራሱ ነበር፤ ይኼ ሰው ግን የሌላ ሰው ቂም ተውሶ ወረወረ። እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል። ቨርሊን ሁለቱንም በጣቱ ወደ ውጪ አሳያቸው። 

"በቃ ሐኪም ቤት እንሂድ፣ ጨዋታውን እኔ እጨርሳለሁ" አልኩት። እምቢ አለ። አዲስ ወርዋሪ ገባ፤ በዳሬል ቦታም የፖስታ ቤቱ ሃሮልድ ተቀመጠ። "አይዞህ ቨርሊን፣ ዛሬ አንዲት ኳስ አታልፈኝም" አለው። ቨርሊን ጭንብሉን አጥልቆ ጎንበስ አለ። ኳሷ መጣች፣ የሃሮልድ ጓንት ውስጥ ጧ ብላ ገባች።

ቨርሊን ምንም አላለም። መቺው ዞሮ አየው። ሃሮልድም ዞረ። ሁሉም ፍርዱን ይጠብቃል። ሮጬ ሄድኩ።

"ምን ነበረች?"

"አላየኋትም።"

"ፀሐይ ነው?"

"ዓይኔን ጨፈንኩ ኦርቪል።"

"የመጀመሪያዋ ስለሆነች ነው፤ እስቲ ደግማት።"

ደገማት። እኔም አጠገቡ ቆሜ ፊቱን ብቻ አየሁ። ወርዋሪው ክንዱን ሲያነሣ ዓይኖቹ ግጥም አሉ። ቨርሊን ራሱም አወቀው። ጭንብሉን አውልቆ ሰጠኝ፤ ውስጡ በላብ ርሷል። "አንተ ቦታዬ ቁም" ብሎኝ ወደ መኪናው ሄደ። ማን እንዳሸነፈ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ዳሬልንና ኬንትን አንድ ዓመት አገዷቸው። ሲያልቅ ዳሬል ያው እዚያው ቁጢጥ ብሎ አየሁት፣ ሰዉም አጨበጨበለት። የቨርሊን ድምፅ ተመልሷል፤ እሱ ግን ወደ ሜዳው አልተመለሰም። ጨዋታ የሌለኝ እሑድ ቤቱ እሄድና ቁጭ ብለን ቤዝቦል በሬዲዮ እንሰማለን። አስተላላፊው "ወረወረ!" ባለ ቁጥር የቨርሊን እጅ ወደ ጉሮሮው ይሄዳል። እኔም ያላየሁ ለመምሰል በመስኮቱ ወደ ውጪ አያለሁ።