ለልጄ ሥዕል እኔ ስቀመጥ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የልጄን የፌቨንን ፎቶ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት ላይ የሚሠራ አንድ ሠዓሊ ጋ ሄድኩ። ሙት ዓመቷ ሊደርስ ነው። እኔ ግን የቸኮልኩት ለሙት ዓመቱ አልነበረም... ፊቷ እየጠፋብኝ ነው። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ይህ ፎቶ ብቻ ሆኗል።

ሠዓሊው ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ፎቶውን መስኮቱ ጋ ወስዶ አየና «እናቴ፣ ፎቶ ቤቶቹ አቅልተዋት የለ እንዴ?» አለኝ። «የፊቷን ጥላ ሁሉ አጥፍተውታል። ከዚህ ብገለብጥ አሻንጉሊት ነው የሚወጣው።»

ለምርቃቷ ስትነሣ «ቀላ አድርጉልኝ» ያልኩት እኔው ነበርኩ...

«ጉንጯ የማን ነው?»

«የኔ ነው ይላሉ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይቀመጡልኝ፤ ጥላውን ከእርስዎ ፊት ላይ እወስዳለሁ።»

በሰሜን በኩል ባለው መስኮት ሥር አስቀመጠኝ። በዚያ በኩል በዚህ ወቅት ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባ ብርሃኑ ቶሎ አይለዋወጥም አለኝ። ሌላውን መስኮት በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖታል። ደመና ባለፈ ቁጥር ብሩሹን ያስቀምጥና ይጠብቃል።

እኔ ደግሞ ልጄ ካረፈች ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኛል። ሁለት ጊዜ ተነሣሁ...

«ኧረ እናቴ፣ ጥላው ሄደብኝ!»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ምን አደረግሁት ጥላውን?»

«አፍንጫዎ ሥር የነበረውን ይዘውት ተነሡ!»

ሳቅሁ... ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ።

ስድስት ሰዓት ገደማ «ይዩት» አለኝ። ቀረብ ብዬ ሳየው ደነገጥሁ። አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ጭቃ የመሰለ ቀለም ነው።

«ልጄን አጠቆርካት!» ብዬ ጮህኩበት።

«ከቅርብ አይታይም። ወደ ኋላ ይሂዱ... ትንሽ ደግሞ።»

እያፈገፈግሁ በሩ ጋ ደረስኩና ቀና አልኩ።

ፌቨን ናት። ከሥራ ደክሟት የገባች፣ ግማሽ ፊቷ ጥላ ውስጥ የሆነ፣ የኔ ፌቨን። ስትገባ በር መዝጋት የማታውቀው። የእንጦጦ ነፋስ ከኋላዬ ሲገባ አፌ ቀደመኝ...

«ፌቨን፣ በሩን ዝጊው፣ ይበርዳል!»

ሠዓሊው ብሩሹን አስቀምጦ ተነሣና በሩን ዘጋው።

ጠይም ነበረች እኮ... እንዴት ብዬ ረሳሁት?