ማዕረግ ያለ ተራው የተቀበለው ጽዋ

ደባርቅ ውስጥ ማዕረግ ያልሠራው በር ጥቂት ነው። እጁ የታመነ አናጺ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከእጁ ጋር ውሎ አያውቅም። መላጊያውን እየገፋ ልቡ ይሰወራል። የሚሰወርበትም ቦታ የታወቀ ነው፤ ገና ያላለቀው የራሱ ቤት። በሐሳቡ ዛሬ ሰገነት ይጨምርለታል፤ ነገ መስኮቱን ወደ ሊማሊሞ ያዞረዋል። የታሰበው ቤት ሲያምር የቆመው ግድግዳ ጣሪያ ሳይለብስ ክረምቱ ይመላለስበታል። ሚስቱ ባንቻየሁ ከኪራይ ቤት መውጣት ናፍቋታል።

«የማኅበር ተራችን ሳይደርስ ያልቅልሻል» ይላታል። ተራቸው ሰኔ ነው።

በሰው መካከል ልቡ ሲነጉድ ባንቻየሁ የጋቢውን ጫፍ ሳብ ታደርጋለች፤ እሱም ይመለሳል።

ለጥቅምት ጊዮርጊስ ማኅበርተኞቹ ታደለ ቤት ተሰበሰቡ። ማዕረግ ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ፣ የጠላ ዋንጫውን ከእግሩ ሥር አኑሮ፣ በሐሳቡ የአዲሱን ቤት በር ከፍቶ እንግዳ ያስገባል። መምሬ ገብረ ክርስቶስ ጸሎቱን አሳርገው ጽዋውን አነሡና «ተረኛው ይቀበል» አሉ። ተረኛው አሻግሬ ጋቢውን እስኪያጣፋ ማዕረግ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ፤ በሁለት እጁም ተቀበለ።

አሻግሬ ጋቢውን እንደያዘ ቀና አለ።

«አንተ ሰው፣ ሰኔ ደረሰ እንዴ?» አለ አሻግሬ።

ማዕረግ ያን ጊዜ ነቃ። «መምሬ፣ ተሳስቻለሁ። መልሰው ይውሰዱት።»

«እጅ የገባ ጽዋ አይመለስም፣ ልጄ። ለኅዳር ጊዮርጊስ አንተ ቤት ነን።»

«ቤቱ ጣሪያ የለውም እኮ።»

«ኅዳር ዝናብ የለ» አለ አሻግሬ፤ «ሰማዩን እያየን እንጠጣለን።» ሳቁ ከመምሬ ጀመረ።

ባዶ ግድግዳ ውስጥ ማኅበር ማብላት ለማዕረግ የማይታሰብ ውርደት ነበር። በማግሥቱ ጣሪያ ሊያለብስ ግድግዳው ላይ ወጣ። ተራው የተነሣለት አሻግሬ ባሕር ዛፍ እየተሸከመ መጣ፤ ሌሎቹም በደቦ ጭቃ አቦኩ። ማዕረግ ሰገነቱን ማሰብ ሲጀምር መዶሻው አውራ ጣቱን ያገኘዋል። ሰገነቱ ቀረ፤ ቆርቆሮው ተመታ።

በኅዳር ጊዮርጊስ ዕለት በሩ ተከፍቶ ቤቱ ሞላ። መምሬ ማገሩን ቀና ብለው አይተው መረቁ። ማዕረግ፣ ጠላ ወደምትቀዳው ሚስቱ ጠጋ አለ።

«ያን ቀን ጋቢዬን ምነው ሳትስቢው ቀረሽ?»

«እጄ ሥራ ይዞ ነበር።»

«የምን ሥራ?»

«ስትነሣ እንዳትሰናከል» አለች ባንቻየሁ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፤ «ዋንጫውን ከእግርህ ሥር እያነሣሁልህ ነበር።»