በነጩ ጨርቅ ላይ የተገኘው ቀይ ቀለም

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰው ሁሉ ረስቶታል። እኔ ግን አልረሳሁትም፤ ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የምኖረው ንፋስ መውጫ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበርተኛ ነኝ። ጉልበቴ እየከዳኝ ሲመጣ ቦታዬን ለልጅ ልጄ ለማስተዋል ላወርሳት አሰብኩ። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በእኛ ማኅበር የሚተካ ሰው በመጀመሪያ ከነባሩ ጋር መጥቶ ጽዋውን ይቀምሳል፤ ማኅበርተኛው ከተስማማ በወሩ ስሙ ይገባል።

ያን ወር የደገሱት እትዬ ደብሬ ነበሩ። ሙሴያችን እሳቸው ናቸው፤ ሙሴ የምንለው የማኅበሩን መሪ ነው። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጽዋውን ባረኩ። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ አንድ ሰው በጠጣ ቁጥር የጽዋው አፍ በነጭ ጨርቅ ይጠረጋል። ዙሩ ሲያልቅ ጨርቁ ላይ ቀይ ቀለም ተገኘ።

ሁሉም ዞሮ ማስተዋልን አየ። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ከንፈሯ ቀይ ነበር።

«ጽዋውን አረከሰችው!» አሉ እትዬ ደብሬ። «ይህቺ ናት እንግዲህ ማኅበር የምትወርሰው?»

«የእኔ አይደለም እትዬ፤ የእኔ አይለቅም» አለች ማስተዋል።

ማን ይስማት! ስሟ እንዳይገባ ተወሰነ። እኔም እሷን በማምጣቴ፣ የሚቀጥለውን ወር ድግስ ያለተራዬ እንድደግስ ተፈረደብኝ።

ቤት እንደገባን ጮህኩባት። እሷ ግን ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አውጥታ አሳየችኝ። «ማት የሚባለው ነው፣ እማ። ሲቀቡት ፈሳሽ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ሌላ ነገር አይነካም። በየቀኑ የምቀባው ለዚህ ነው፤ ጠዋት ተቀብቼ ሥራ ውዬበት እመለሳለሁ።»

«ዝም በይ!» አልኳት። «የማይለቅ ሊፕስቲክ የት አገር አለ?»

በማግስቱ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ጥፋቱ የእሷ ከሆነ እኔው ልቅጣት፤ ካልሆነ ማንም አይንካት። ሥራ ስትሄድ ብልቃጧን አስቀርቼ በመስታወት ፊት ቆሜ ተቀባሁት። በዕድሜዬ ከንፈሬን ስቀባ የመጀመሪያዬ ነው። ቀለሙ ከንፈሬ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሲደርቅ ደግሞ እንደ ልስን ጭቃ ወጥሮ ያዘኝ።

አምስት ቀን ሙሉ እየተቀባሁ ዋልኩ። እህል አበጠርኩ፣ ጥጥ ፈተልኩ፣ ውኃ ጠጣሁ፣ ጠላ ጠጣሁ። በጠጣሁ ቁጥር የብርጭቆውን አፍ በነጠላዬ ጫፍ እጠርጋለሁ። ነጠላዬ ነጭ እንደሆነ ነው። ጎረቤቴ በአጥር አይታኝ «እትዬ አንጓች፣ ልንድርዎት ነው እንዴ? ቀኑን ይንገሩን እንጂ!» ብላ በሳቅ ሞተች። «አንቺን ሚዜ አደርግሻለሁ» ብያት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አልዋሽም፣ ዘይት የበዛበት ሽሮ ስበላ ለቀቀ። ግን ጽዋው የሚዞረው ማዕድ ሳይቀርብ ነው። በዚያን ቀን ማስተዋል ከሥራ ከመጣች በኋላ ጽዋውን እስክትቀበል ድረስ እህል አልቀመሰችም፤ አጠገቤ ነበረች።

ወሩ ደርሶ ማኅበሩ እኔ ቤት ተሰበሰበ። ከንፈሬን ቀብቼ ወጣሁ።

«እትዬ አንጓች፣ ምን ነካዎት?» አሉ ቄሱ።

«አባ፣ በጽዋው ሙከራ አልሠራም» አልኩና በብርጭቆ ጠላ ቀድቼ ጠጣሁ። የብርጭቆውን አፍ አዲስ ነጭ ጨርቅ ላይ አሽቼ ጨርቁን ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ሄዱ፣ ገለበጡት። «ምንም የለበትም» አሉ።

«እንግዲያው ባለፈው ወር የተገኘው የማን ነው?» አልኩ።

የእትዬ ደብሬ ልጅ ገነት ከተቀመጠችበት ተነሣች። እናቷን እያገዘች ከማኅበሩ የማትቀር፣ ጽዋውንም የምትቀምስ ልጅ ናት፤ ከንፈሯ ሁልጊዜ ቀላ ብሎ እንደ ቅባት ያብረቀርቃል።

«የእኔ ነው» አለች። «የእኔ ይለቃል። እማዬ፣ የዚያኑ ቀን ነግሬሽ የለም?»

የዚያኑ ቀን! እንግዲህ ሴትዮዋ ወር ሙሉ እያወቁ ነው ዝም ያሉት።

«ልጅ ናት፣ ሳታውቅ ያደረገችው ነው» አሉ እትዬ ደብሬ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። «ስሕተት ነው፤ እንለፈው።»

«የእኔዋስ? የእኔ ልጅ ስትሆን ርኩሰት፣ የእርስዎ ልጅ ስትሆን ስሕተት? እኔ የደገስኩትን የቅጣት ድግስ እርስዎም ይደግሱ!»

«ሰላም ይሻላል፣ ልጆቼ» አሉ ቄሱ። ሌሎቹም «ሰላም ይሻላል» አሉ። በማስተዋል ላይ ሲፈርዱ ግን ሰላም ትዝ ያለው አንድም ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ እትዬ ደብሬ «ይሁን፣ ለእርስዎ ስንል ማስተዋልን ተቀብለናታል» አሉኝ። ለእኔ ሲሉ! ልጅቱ ማንቆርቆሪያ ይዛ እፊታቸው ቆማ፣ ዞሮ «በድለንሻል» ያላት የለም። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና «አልገባም» ብላ ወጣች።

አሁንም በየወሩ ምርኩዜን ይዤ እሄዳለሁ። ቦታዬን የሚወርስ የለም። እትዬ ደብሬም ዛሬም ሙሴ ናቸው፤ እጅ ሲነሡኝ አጸፋውን እመልሳለሁ፣ ልቤ ግን አይመልስም።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ማስተዋልን «ይኸው እውነትሽን አወጣሁልሽ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«እማ፣ እኔ የመጀመሪያውን ቀን ነግሬሽ ነበር። አንቺ ያመንሽው ቀለሙን ነው። ቀለሙ ቢለቅ ኖሮስ?»

በእትዬ ደብሬ ላይ የምጮኸው ሞልቶኛል። ይህችን ጥያቄ ሳስታውስ ግን የምጮኸው በራሴ ላይ ነው።