ስም አልሰጠችም

እሁድ ከሰዓት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ልብስ ሰፊዋ ጓደኛችን ክፍል ውስጥ እንገናኝ ነበር። አራት ነን። አራታችንም መታወቂያችን ላይ ወንድ ተብለን ተጽፈናል፤ በዚያች ክፍል ግን ሴቶች ነን። በሩ ሲዘጋ «አንቺ» እንባባላለን፣ ሲከፈት «አንተ»። አንድ ቀን ታናሻችን ደጃፉ ላይ ተሳስታ «ነይ እንጂ!» ብላ ጠራችኝ። ልብስ ታጥብ የነበረችው የግቢው ሴትዮ ቀና አለች። ከዚያ ወዲህ ግን በገባን በወጣን ቁጥር እጇን ከውሃው አውጥታ ታየን ጀመር።

በዚያው ክረምት ልብስ ሰፊዋ ሳል ያዛት። ከሳች። ለራሷ የሰፋቻቸውን ቀሚሶች ደጋግማ ታጠብባቸዋለች።

እኔ ተማሪ እያለሁ የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ፤ ሰልፍ ላይ ግጥም አንብቤያለሁ። የተማርነው ሁሉ ግን ስለ ባልና ሚስት ነበር። ስለ እኛ ዓይነት ሰው ማንም ስላላነሳ፣ አይመለከተንም ብለን ተቀመጥን። «እሱ ሴት ጋ የሚሄዱ ሰዎች በሽታ ነው፣ በቃ» ትል ነበር ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የምትሠራው ታናሻችን። ልብስ ሰፊዋም ታምናት ነበር። እኔ ግን ኋላ ላይ በእኛ መካከልም እንደሚተላለፍ አንብቤ ነበር። ጨዋታ ማበላሸት መስሎኝ አልነገርኳቸውም።

ሳሏ ሁለት ወር ሲሞላው ግን እንድትመረመር እወተውታት ጀመር።

«የሰፈር ጤና ጣቢያ አልሄድም» አለች። «ካርድ ክፍል ያለችው ጎረቤቴ ናት።»

ኡራኤል አካባቢ ወዳለ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄድን። ወንድሟ ነኝ ብዬ አብሬያት ገባሁ። ሲስተሯ ውጤቱን የነገረቻት በደግነት ነው። «መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ከወሰድክ እንደ ማንም ሰው ትኖራለህ» አለቻት። ቀጥላ ቅጽ አወጣች። «አብረውህ የነበሩትን ሴቶች ስም ንገረኝ። እንዲመረመሩ ብቻ ነው።»

«የሉም» አለች ጓደኛዬ።

«አንድም?»

«አንድም።»

ሲስተሯ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ? እዚህ እያለህ ለምን አትመረመርም?»

«ሌላ ቀን» አልኩ።

በቀጣዩ እሁድ ልብስ ሰፊዋ ለሁሉም ነገረቻቸው። አራተኛዋ፣ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪዋ፣ እንዴት ነሽ እንኳ አላለቻትም።

«ስማችንን ሰጠሽ?»

«ኧረ አልሰጠሁም።»

«ማለቴ፣ ስልክሽ ላይስ አለን?»

ፎቶዎቻችንን አንድ በአንድ እያሳየች አጠፋች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አልመጡም። እኔ መሄዴን አልተውኩም። ግን በብርጭቆ እንደማይተላለፍ እያወቅኩ፣ እሷ ቤት ውሃ መጠጣት አቆምኩ። አይታለች።

መድኃኒቱ ተስማማት፤ ጉንጯ መሙላት ጀመረ። አንድ ቀን ስገባ የግቢው ሴትዮ አስቆመችኝ።

«ያ ልጅ ጠዋት ጠዋት የሚውጠው ምንድን ነው?»

«የጨጓራ ነው።»

«የጨጓራ» ብላ ደገመች፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

በሳምንቱ ጓደኛዬ ደወለችልኝ። «ሴትዮዋ ‹ሁለት ሰዎች መጥተው ስለ አንተ ጠየቁኝ› አለችኝ።»

«ምን ዓይነት ሰዎች?»

«አልጠየቅኳትም።»

ከሥራ ወጥቼ ስደርስ ክፍሉ ባዶ ነበር። የስፌት መኪናዋም የለም። ስልኳ አይሠራም። ሴትዮዋ ግቢውን እየጠረገች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

ወሩ ሲያልቅ ምናልባት መጥታ እንደሆነ ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

«ወንድምህ ቀጠሮው አልፎበታል» አለች ሲስተሯ። «የት ነው ያለው?»

«አላውቅም።»

ጣቴን ዘረጋሁላት። ቫይረሱ አልተገኘብኝም። ደስታ ግን አልተሰማኝም፤ በረንዳው ላይ ቆሜ ታናሻችን ጋ ደወልኩና ሳልናገር ያቆየሁትን ሁሉ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እኔ እኮ ትኩሳት ካስቸገረኝ ሰነበተ» አለች።

በሦስተኛው ቀን የጋራዥ ቱታዋን እንደለበሰች ጤና ጣቢያው መጣች። ውስጥ ብዙ ቆየች። ስትወጣ መድኃኒቱን ጃኬቷ ውስጥ ይዛ ነበር። አሁን በየቀጠሮዋ አብሬያት እሄዳለሁ።

ልብስ ሰፊዋን ያየ የለም። ይዛው የሄደችው መድኃኒት ቢበዛ ለአንድ ወር ነው የሚበቃው። ከሄደች አምስት ወር አለፈ።