ይመር ውሃ ውስጥ አያነክስም ነበር

የልጄ የሌንሴ የመዋኛ መነጽር በሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ ባየሁ ቁጥር የአንገር ወንዝ ጭቃ ይሸተኛል። ሌንሴ አንድ እግሯን ያጣችው በሰባት ዓመቷ፣ በባጃጅ አደጋ ነው። ዛሬ ለፓራሊምፒክ ቡድን ተመርጣ ትዋኛለች። በቤታችን የመጀመሪያዋ ዋናተኛ ግን እሷ አይደለችም፤ ታላቅ ወንድሜ ይመር ነበር። ይህን የሚያስታውስ ዛሬ ከእሱና ከእኔ በቀር የለም።

ወላጆቻችን ከወሎ ደጋ ወደ አንገር ጉቲን በሰፈራ የመጡ ናቸው። የእኛ አገር ሰው ወንዝ ይሻገራል እንጂ አይዋኝም፤ እናቴ ውሃን እንደ አውሬ ነበር የምትፈራው። የይመርን ግራ እግር በሕፃንነቱ ልምሻ ይዞት እንደ አገዳ ቀጥኖ ነበር። ልጆች ለኳስ ሲመዳደቡ ሁልጊዜ የሚተርፈው እሱ ነው፤ ልብስ ጠባቂ ያደርጉታል።

ዋና ያስተማሩት ከብቶቻቸውን ውሃ ሊያጠጡ የሚወርዱት ጎረቤታችን ኦቦ ዲንሳ ናቸው። ሆዱን በመዳፋቸው ደግፈው "ጃባዱ፣ ጃባዱ!" እያሉ ያበረቱት ነበር። አንድ ቀን ሳይነግሩት መዳፋቸውን አነሱ፤ አልሰመጠም። በጋውን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እየተደበቅን ወረድን። እኔ ዳር ላይ ልብሱን ይዤ ሰው እንዳይመጣ እጠብቃለሁ። ኳስ የሚነፍጉት ልጆች ውሃ ውስጥ ከኋላው ይቀሩ ጀመር።

"አንተ፣ ያቺ እግርህ የት ሄደች?" ሲሉት፣ ውሃ እየተፋ፣ "ለዓሣ ሰጠኋት፤ ሂድና ተቀበላት!" ይላቸዋል።

ክረምት ሲገባ ወንዙ ደፍርሶ ሞላ። ይመር "ተው" ብለውም አልሰማኝም፤ ገባ። መሃል ላይ ሲደርስ ራሱ ጠፋኝ። "ይመርን ውሃ በላው!" እያልኩ ወደ ቤት ሮጥኩ። ከእናቴ ጋር ስንመለስ እሱ ደርሶ መልስ ዋኝቶ፣ እየሳቀ ከውሃው ይወጣል።

"እማዬ፣ ተሻገርኩት!"

እናቴ አልመታችውም። ደረቷን ይዛ፣ "ዳግመኛ ውሃ ብትገባ የጠባኸው ጡት ይፋረድህ!" አለችው። እኛ ዘንድ የጡት ቃል አይፈታም። ይመር ዞሮ አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እናታችን ካረፈች በኋላ እንኳ ወንዝ ገብቶ አያውቅም።

ባለፈው ወር ሌንሴ ለውድድር ከመሄዷ በፊት፣ ነቀምቴ ወደምትለማመድበት የሆቴል ገንዳ ይመርን ይዤው ሄድኩ። ፀጉሩ ሸብቷል። አሰልጣኟ ሰዓት ይዞ ይጮሃል፣ ጓደኞቿ ያጨበጭባሉ። እኔ ጩኸት ከአፌ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሼ ትንፋሿን እቆጥራለሁ።

"እማ፣ ፊትሽን ፍቺው! ገንዳ እኮ ነው!" አለችኝ ብቅ ብላ።

ይመር ምርኩዙን ተደግፎ ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ተከተላት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እኔም እንዲህ ነበርኩ እንዴ?" አለኝ።

"ከዚህም ትበልጥ ነበር።"

"እንግዲህ አንቺ ነሽ ያየሽኝ" አለና ፈገግ አለ።

ዛሬ ሌንሴ ስትዋኝ ሰዓቷ ይመዘገባል፣ ስሟ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ለይመር ዳር ላይ የቆምኩለት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን የሞላ ወንዝ ሲሻገር ግን አላየሁትም፤ ጀርባዬን ሰጥቼው እየጮኽኩ ወደ ቤት እሮጥ ነበር። ይህን እስካሁን አልነገርኩትም።