የእጀ ብረት መኪና

ዕድሜውን በአውቶቡስ ጋራዥ የጨረሰውን ይህን ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም ጸንቶበት፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ሰፈሩ ሁሉ «እጀ ብረት» ይለው ነበር። ስሙም ያለ ምክንያት አልተሰጠውም። እሱ ያሰረው ብሎን መንገድ ላይ ላልቶ አውቶቡስ አቆመ ሲባል የሰማ የለም። «ብሎን ልኩ ላይ ደርሶ ሲጠግብ ይናገራል፤ የሚሰማው ግን እጅ ነው እንጂ ጆሮ አይደለም» ማለት ያዘወትር ነበር።

በጋራዡ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር። አንዱ ያሰረውን ብሎን ሌላው በራሱ ቁልፍ ይሞክረዋል፤ መጥበቁን ሲያረጋግጥ ብቻ በቢጫ ቀለም ምልክት ያደርግበታል። የእጀ ብረትን ሥራ ግን ማንም አይሞክርም ነበር፤ ቀለም ያዡ ብሩሹን ብቻ አስነክቶ ያልፋል። ቁልፍ ያነሳ ቢኖር እንደ ስድብ ይቆጠርበታል። አንድ ጊዜ አዲስ የተቀጠረ መካኒክ ሊሞክር ቢቃጣው፣ «እኔ ያሰርኩትን የሚፈትሽ ገና አልተወለደም፤ እናትህን ሌላ ውለጂ በላት» ብሎ ጋራዡን በሣቅ ገድሏል።

ሚስቱ በሞተች ማግስት ይህ ሰው ወንበሩን በር ላይ አድርጎ አላፊ አግዳሚውን እያየ መዋል ጀመረ። ምግብ ሲቀርብለት ይበላል፤ ካልቀረበለት አይጠይቅም። ይህን ያየው ታናሽ ወንድሙ አንድ ቀን በጭነት መኪና ትልቅ ሣጥን አስጭኖ ከች አለ። ታናሹ የመጋዘን ጠባቂ ነው፤ ፀጉሩ ቢመለጥም፣ ልጆቹን ድሮ ቢጨርስም፣ ለታላቁ እስከ ዛሬ «ማሙሽ» ነው። ወላጆቻቸው ቀድመው ስላለፉ ያሳደገውም፣ ያስተማረውም፣ የዳረውም እጀ ብረት ነበርና ማሙሽ ታላቁን «ጋሼ» እያለ አንቱታውን አጓድሎ አያውቅም።

«ምንድን ነው ያመጣህብኝ?»

«መኪና ነው፣ ጋሼ።»

«መኪና በሣጥን? ጫማ መሰለህ እንዴ?»

«ሻንሲውና የፋይበር ቀፎው ነው። ያስመጣው ሰው ሳይወስደው ቀርቶ መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ኖረ። አለቃዬ በቃ አንሳልኝ አለኝ። ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ መሪውን፣ ፍሬኑን ከአንድ አሮጌ መኪና አውጥቶ እዚሁ ግቢ መግጠም ብቻ ነው። የወፍጮ ቤቱ ፒካፕ ከኋላ ተገጭቶ ቆሟል አይደል? ተነጋግሬያለሁ።»

«ገጣሚው ማን ሊሆን?»

«እርስዎ ነዎታ! እኔ ቀለም ያዥ።»

እጀ ብረት ከወንበሩ ተነሣ። ከቀብሩ ወዲህ ሳይጠራ ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የወፍጮ ቤቱ ፒካፕ ተጎትቶ መጥቶ ግቢው ውስጥ ተበለተ። ብሎን በተፈታ ቁጥር ከየስንጥቁ ነጭ ዱቄት ይፈስ ነበርና የማሙሽ ሚስት መጥረጊያዋን ይዛ እየዞረች፣ «ሁለት ሽማግሌ ሕፃናት! እናንተ መኪና ስትሠሩ እኔ ዳቦ ልጋግር እንዴ?» ትላቸው ነበር። ሞተሩ ታጥቦ በአዲሱ ሻንሲ ላይ ተቀመጠ፤ ካምቢዮው ተከተለ። ታላቁ ያስራል፣ ታናሹ ቢጫውን ይቀባል። ጋራዡ ግቢው ውስጥ እንደገና የተከፈተ መሰለ።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት ቁልፉ ከእጀ ብረት እጅ አምልጦ ወደቀ።

«ዘይት ነክቶት ነው» አለ።

ጠርጎ አነሣው። ደግሞ ወደቀ። «ምን ያለው ርጉም ዘይት ነው!» ብሎ ቁልፉን ሰደበው። ማሙሽም አብሮ ቁልፉን ሰደበ፤ ወደ ወንድሙ እጅ ግን ቀና ብሎ አላየም።

እጀ ብረት የድሮ ባልደረቦቹን ሊጠይቅ እንደሆነ ተናግሮ ወደ ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሟ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየነካች፣ «ይሰማዎታል፣ አባባ? ይሄስ?» አለችው። ለአንዳንዱ እውነት፣ ለአንዳንዱ ውሸት መለሰላት። እሷ ግን አልተሸወደችም። የቀኝ እጁ ነርቭ እየሞተ መሆኑን፣ መድኃኒቱ ሊያዘገየው እንጂ ሊመልሰው እንደማይችል ነገረችው፤ ለክትትልም እየተመላለሰ እንዲታይ አዘዘችው። እጀ ብረት ከዚያ ሲወጣ ያስጨነቀው የእጁ መሞት ብቻ አልነበረም። እጁ የሚሞት ከሆነ ይሙት፤ ማሙሽ ግን ማወቅ የለበትም። ያሳደገው ልጅ «ጋሼ፣ ይተዉት እኔ ልሰር» የሚልበትን ቀን ከሚያይ መኪናዋ ተቃጥላ ብትቀር ይመርጥ ነበር።

ስለዚህ መላ ዘየደ። በማሙሽ ፊት ብሎኑን እንደ ወትሮው ያስራል፤ ማሙሽም ቀለሙን ይቀባል። ማሙሽ ወደ መጋዘኑ ሲሄድ ግን እጀ ብረት በቁልፉ ጫፍ ረጅም ቱቦ ይሰካና በሰውነቱ ክብደት ተንጠልጥሎ ያጠብቀዋል። ጉልበቱ በዚህ ተተካ። ብሎኑ መጥገቡን የሚነግረው መዳፍ ግን ምትክ አልነበረውም። በቃኝ እያለ የሚጮኽለትን ብረት እጀ ብረት አይሰማውም ነበር፤ እንዳይላላ በመስጋት ደግሞ አንድ ዙር ይጨምርበታል።

የመሪው ሣጥን ከሻንሲው ጋር የታሰረው እንዲህ ነው።

መኪናዋ አለቀች። ትንሽ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ቀለም ያልተቀባ ቀፎዋ እንደ ታጠበ አጥንት የነጣ ነበረች። ለምርመራ ከመቅረቧ በፊት ወደ ድንጋይ ካባው በሚወስደው ጭር ያለ መንገድ ሊሞክሯት ወጡ። ማሙሽ የሾፌሩን በር ከፍቶ ቆመ።

«ይግቡ እንጂ፣ ጋሼ። የመጀመሪያው የእርስዎ ነው።»

እጀ ብረት መሪውን አየው። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«አንተ ንዳ። ሠሪ ጎን ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።»

«ይሄ ሕግ ከየት መጣ?»

«አሁን ወጣ። ግባ!»

ማሙሽ እየሣቀ ገባ። ሽቅብ ሲወጡ ሞተሩ አልተነጫነጨም፤ እጀ ብረትም ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ፊቱ ፈካ። ቁልቁል ሲመለሱ ከኩርባው ላይ አንድ ነገር «ቀጭ» አለ፤ ወዲያው ሌላ «ቀጭ» ተከተለ። ማሙሽ መሪውን አዞረ፤ መሪው ዞረ፤ ጎማው ግን አልዞረም።

«ጋሼ!» አለ፤ ሌላ ለማለት ጊዜ አልነበረውም።

የመንገዱን ዳር ግንብ የገጩት በሾፌሩ ወገን ነበር። እጀ ብረት ግንባሩ ተሰንጥቆ በእግሩ ወጣ። ማሙሽን ግን የካባው ሠራተኞች ቀፎውን በዲጂኖ ፈልቅቀው አወጡት።

በማግስቱ እጀ ብረት ወደ ተሰባበረችው መኪና ሄዶ ከሥሯ ተኛ። የመሪውን ሣጥን ከያዙት ብሎኖች አንዱን በግራ እጁ አወጣው። ስብራቱን ለማንበብ መነጽር አላስፈለገውም፤ የብሎኑ አንገት እንደ ተሳበ ሊጥ ቀጥኖ ነበር። ላልቶ የወደቀ ብሎን እንዲህ አይሆንም። ይህ ከልኩ በላይ ተጠምዝዞ፣ ተለጥጦ፣ ከመጀመሪያው ሸክም በፊት የሞተ ብሎን ነው። ያንን ቱቦ አስታወሰና ብሎኑን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ሐኪም ቤት ሲደርስ የማሙሽ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በላይ ተቆርጦ ነበር። ሚስቱ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ የባሏን ባዶ ጫማ እቅፏ ውስጥ ይዛለች። እጀ ብረት በመንገድ ላይ ያሰናዳው ቃል ሁሉ ጠፋበት። ብሎኑን አውጥቶ አልጋው ላይ አኖረው።

ማሙሽ ብሎኑን አየና ከወንድሙ ቀድሞ ተናገረ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የሰበርኩት።»

«ምን ትቀባጥራለህ? መድኃኒቱ ነው የሚያናግርህ?»

«ጓደኞቼን ልጠይቅ ብለው በሄዱ ቁጥር እርስዎ ያሰሩትን ሁሉ ደግሜ አጠብቅ ነበር። አንድም ሳላስቀር። እጅዎ...» ከንፈሩን ነከሰ። «እጅዎ እንደ ድሮው አይደለም ብዬ። ፊት ለፊት ልነግርዎ አፈርኩ።»

እጀ ብረት የአልጋውን ብረት ያዘ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?»

«ያኔ ቁልፉን ሲሰድቡት።»

«ታውቅ ኖሮ አብረኸኝ ሰደብክ?»

«ምን ላድርግ? እርስዎን ልስደብ?»

ሣቅ የሚመስል ነገር በሁለቱም አፍ ላይ ብቅ ብሎ ጠፋ።

«እኔም አጥብቄው ነበር» አለ እጀ ብረት። «አንተ ሥራ ስትሄድ። በቱቦ።»

የማሙሽ ሚስት አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። የመካኒክ ነገር ባታውቅም ይህኛው ገባት።

«አንድ ቃል» አለች ድምጿን ሳታነሣ። «አንዳችሁ አንዲት ቃል ብትተነፍሱ ኖሮ ይሄ እግር እዚህ ነበር። ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎን መናገር አይገባኝም ነበር። ግን መናገር አይገባንም እያልን አይደል እዚህ የደረስነው?»

 ከአጠገባቸው ያለው በሽተኛ በሕልሙ ያቃስታል። ማሙሽ ሥቃዩ ተነሥቶበት ጥርሱን ገጠመ፤ ከትራሱ ተንሸራቶ አንገቱ ተጣሞ ነበርና በክንዱ ሊገፋ ሞክሮ አቃተው።

«ጋሼ፣ እስቲ ከብብቴ ይያዙና ትንሽ ከፍ ያድርጉኝ።»

እጀ ብረት ጎንበስ አለ። ግራ እጁን በወንድሙ ጀርባ ሥር አስገባ፤ ቀኙን በብብቱ ሥር ሰደደው። የታናሹ ሰውነት ይሙቅ ይቀዝቅዝ አልለየውም። ሊያነሣው ሲል ጣቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ቀና አለ። ዘይት የለ፣ ቁልፍ የለ፤ የሚሰደብ ነገር አልነበረም።

«አልችልም» አለ። «እጄ አይችልም፣ ማሙሽ። አንቺ፣ ነርሷን ጥሪልኝ።»