ጉድለት ሳይነገር ሻይ አይቀዳም

ኤትና ሊሂ ባሏ ከሞተ በኋላ እንደ መመስገን ያስጠላት ነገር የለም።

የዱሃሎ ወረዳ የወተት ገበሬዎች ማኅበር አላቸው፤ በየወሩ በአንዱ ግቢ ይሰበሰባሉ። መስኩን አብረው ይዞራሉ፤ ሣሩን በዓይናቸው ይመዝናሉ፤ ላሞቹን ከፊትም ከኋላም ያያሉ። ከዚያ ማድ ቤት ገብተው ባለቤቱን ጉድለቱን ይነግሩታል። ሕጋቸው የቆየ ነው፤ ጉድለት ሳይነገር ሻይ አይቀዳም። ባለቤቱ ከአባቱ አፍ እንኳ ያልሰማውን ሰምቶ፣ ጆሮው እስኪቀላ ተነግሮት፣ በመጨረሻ ዳቦውን ለተናጋሪዎቹ ይቆርሳል። የተቀየመ ቢኖርም ወተቱ ሲጨምር ይረሳዋል።

የኤትና ግቢ ብቻ ከሕጉ ወጣ። ፍሎር ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። በነዚያ ዓመታት ማኅበሩ በየመስከረሙ ይመጣል፤ ወንዶቹ ቆባቸውን አውልቀው የመቃብር ቦታ ይመስል ሣሩን በቀስታ ይረግጡታል። «ግሩም ነው፣ ኤትና» ይላሉ። «ፍሎር ቢያይ ደስ ይለው ነበር» ይላሉ። ሻያቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በኤትና ማድ ቤት ግን ነቅዞ ነበር።

ላሞቹ ደግሞ በየዓመቱ ማርገዝ እያቃታቸው መጡ። በእኛ አገር ላም ብርዱ ሲያልቅ፣ በየካቲት፣ ሣሩ ብቅ ሲል መውለድ አለባት፤ ያን ጊዜ ያልወለደች ላም ሣር ትበላለች እንጂ የሰው እንጀራ አትሆንም። ዘንድሮ የእርግዝና መርማሪው መጥቶ ክንዱን ሲያወጣ፣ ከሦስት ላም አንዷ ባዶ ሆና ተገኘች። እንዲህ ያለ አንድ ዓመት ቢደገም ከብቱ እንደሚያልቅ ኤትና ታውቃለች። ያላወቀችው ምክንያቱን ነው። የወጣትነት ዕድሜዋን በከተማ መድኃኒት ቤት ሽሮፕ ስትሸጥ ያሳለፈች ሴት፣ ባሏ የተወላትን ከብት ባሏ ይመርጠው ከነበረው ዓይነት ኮርማ እያስዳቀለች፣ ባሏ ባሳያት ቀን ሣሩን እያስጋጠች፣ አንዳች ነገር ሳትነካ ይዛ ኖራለች። መንካት ፈራች። ብትነካ የሚጠፋው ከብቱ ብቻ አልመሰላትም።

ምክንያቱም ፍሎር ከቤቱ አልወጣም ነበር።

ማታ ማታ ላሞቹ ለመታለብ ተሰልፈው ሲቆሙ፣ የማለቢያው ማሽን ሳይነሳ በፊት ባለው ጸጥታ፣ ከዳገቱ በኩል የትራክተር ድምፅ ይመጣል። ዳገቱ ላይ ትራክተር የለም። ፍሎር ከነትራክተሩ ከተገለበጠበት ቀን ጀምሮ ማንም ወጥቶበት አያውቅም፤ ሣሩ እሾሃም ቁጥቋጦ ሆኗል። ላሞቹ ግን አንገታቸውን አንድ ላይ አቅንተው ወደዚያው ያያሉ። እሷም ታያለች። ከዚያ ትሰድበዋለች።

«አንተ ደንቆሮ! ማን ውጣ አለህ? በዝናብ ማግስት፣ በዚያ ዳገት፣ ማን ውጣ አለህ?»

ማሽኑን ታስነሳለች፤ እስከ ነገ ይበቃታል። ሰው ይህን ቢሰማ አብዳለች ይል ይሆናል፤ ግን ሚስት ባሏን መስደብ ካቆመች ምን ቀራት?

በዚያ መስከረም ማኅበሩ እንደ ልማዱ መጣ። ውይይቱን የምትመራው የግብርና ባለሙያ ሚረን ገና ልጅ ናት፤ ወደ ወረዳው ከተዛወረች ዓመት አልሞላትም። መስኩ መሃል አቁማቸው ሣሩን አስገመተቻቸው። ሁልጊዜ በዚህ ጨዋታ ይጣላሉ፤ አንዱ የሌላውን ዓይን ገና ካልተከፈተ የቡችላ ዓይን ጋር ያመሳስለዋል። እዚህ ግን ሁሉም ደህና ደህና ግምት ሰጡ። ሚረን አጭዳ ስትመዝነው ከግምታቸው ግማሽ በታች ሆነ።

«ኧረ ምን ነካችሁ?» አለች ሚረን።

«ዝናቡ ነው» አለ ፓትሲ፣ የማኅበሩ ቀልደኛ፣ ቀልዱን የሆነ ቦታ ጥሎ የመጣ ይመስል ወደ ጫማው እያየ።

ኤትና ሁሉንም ታዘበች። ስታናግራቸው አያዩዋትም፤ ከትከሻዋ በላይ ወደ ዳገቱ ነው የሚያዩት። ላሞቿን አስቀርባ አሳየቻቸው። ትልልቅ፣ አጥንተ ረጃጅም፣ ጡታቸው መሬት ሊነካ የደረሰ ላሞች ናቸው፤ የጎን አጥንታቸው ይቆጠራል።

«ፍሎር ዓይን ነበረው» አለ አንዱ።

«ነበረው» አሉ ሌሎቹ።

ማድ ቤት ገብተው ወንበር ወንበራቸውን ያዙ። ዳቦው ተቆርሷል፣ ቅቤው ወጥቷል፣ ማንቆርቆሪያው ፈልቶ ያፏጫል። ኤትና ማንቆርቆሪያውን አነሣች፤ ወደ ልብስ ማጠቢያዋ ክፍል ወሰደችውና በሩን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

«ሻይ የለም» አለች።

ሳቅ የጀመረው ፓትሲ ፊቷን አይቶ ዋጠው።

«ሕጉን እናንተ ናችሁ ያወጣችሁት። አራት ዓመት በነፃ ጠጣችሁ። ከብቴ እያለቀ ነው። የሚያረግዝ ላም አጣሁ። ደግሞ ማወቃችሁን አውቃለሁ፤ መኪና ውስጥ ስትገቡ አንገታችሁን ስትነቀንቁ በመስኮት አያችኋለሁ። ምንድን ነኝ እኔ? የቤተ ክርስቲያን ሻማ ነኝ? ጉድለቴን ንገሩኝ!»

ሚረን ከአንዱ ወደ አንዱ ታያለች። በመጨረሻ የተናገረው ታይግ ነው፤ ከአጥሯ ማዶ ያለ ብቸኛ ጎረቤቷ፣ ሚስትም ልጅም ሳይኖረው ያረጀ፣ በምላሱ የወረዳው አለንጋ የነበረ ሰው። በዚያ ምላስ ለአራት ዓመት «ግሩም ነው» ብቻ ሲል ነበር።

«እኛ ከተናገርን» አለ ታይግ፣ «ሰው ይሞታል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ዳገቱን ማን ውጣ እንዳለው ታውቂያለሽ?»

ኤትና የያዘችውን ቢላዋ አስቀመጠች። ያንን ጥያቄ ከላሞቿ በቀር የሰማ ሰው አለ ብላ አታውቅም።

«እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር» አለ። «አንቺ ያን ቀን እናትሽ ጋ ሄደሽ ነበር። ዳገቱ ላይ ያለው ሣር አርጅቷል፤ ገልብጠህ አዲስ ዝራበት አልነው። እሱ ዳር ዳር አለ። እኔ ነኝ 'ለጥንቸል ነው እንዴ የምታኖረው? ወይስ ፈራህ?' ያልኩት። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ እኔን አንድ ጊዜ አየኝና ሳቀ። በሳምንቱ ወጣ።»

«አልነገረኝም» አለች ኤትና።

«ምን ብሎ ይንገርሽ? ሳቁብኝ ይበልሽ?»

ፓትሲ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አንደኛው ሰውዬ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደና ሳይወጣ እዚያው ቆመ። ኤትና በጓሮ በር ወጥታ ማለቢያው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመች። ንዴቱ መጣ፤ ወደ ታይግ ሊሄድ ተነሣ፣ ከዚያ መንገድ ላይ ቀረ። ከታይግ ይልቅ ያንገበገባት ሌላ ነው። አራት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ማታ፣ የሞተ ሰው ስትሰድብ ኖራለች፤ እሱ ደግሞ ማንም እንዳይስቅበት ብቻ ነበር የወጣው። የፍሎርን ኩራት ታውቀዋለች። ስታገባውም የወደደችው እሱን ኩራቱን ነበር።

ስትመለስ ሁሉም ቆመው አገኘቻቸው፤ ወንበራቸውን ጠረጴዛው ሥር አስገብተው ለመሄድ ተዘጋጅተዋል።

«ተቀመጡ» አለች። «ይኼ የፍሎር ነው፤ ከሱ ጋ እጨርሰዋለሁ። የኔስ? ላሞቹስ?»

«ኤትና፣ ዛሬ እንኳ...»

«ታይግ፣ አንተ ጀምር። ከማንም በፊት አንተ።»

ታይግ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያውስ ስሚ» አለ፤ ድምፁ እየጠና ሄደ። «እነዚህ ላሞች ለዚህ እርጥብ አገር አልተፈጠሩም። የበሉትን ሁሉ ወተት ያደርጉታል፤ ለማርገዝ የሚተርፍ ጉልበት የላቸውም። ፍሎር ጉልበታቸውን በመኖ ከረጢት ይሞላው ነበር፤ አንቺ ከረጢቱን ተውሽና ኮርማውን አልቀየርሽም። ጠንካራ፣ አጠር ያለ፣ እናቱም አያቱም በጊዜ የሚወልዱ ኮርማ ምረጪ። ወተት ቢጎድልሽ ቅቤው ስለሚበዛ ይክስሻል።»

«ሣሩንም ታስረጂዋለሽ» አለ በሩ ጋ የቆመው። «ጉልበት እስኪደርስ ለምን ትጠብቂያለሽ? ቁርጭምጭሚት ሲያልፍ አስገቢያቸው፤ በቶሎም አውጪያቸው።»

«የታችኛው መስክ ቄጤማ ምንድን ነው?» አለ ፓትሲ። «ዳክዬ ልታረቢ ነው?»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ደንግጦ አቆመ። ኤትናም ሳቀች፤ ያኔ ሁሉም ለቀቁት። ከበው ሲነግሯት፣ እርስ በርስ ሲጯጯሁ፣ አንዱ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ መስኩን ስሎ አጥሩ የት መከፈል እንዳለበት ሲያሳያት፣ እሷ ስትከራከር፣ ሚረን ዝም ብላ ከመስማት በቀር ሥራ አልነበራትም። ኤትና ቁልፉን አውጥታ ማንቆርቆሪያውን ስታመጣ ውሃው ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደገና አፈላችው።

በኅዳር ባዶዎቹን ላሞች ሸጠች። በግንቦት የኮርማ ዘር ይዞ የሚዞረው አዳቃይ ሲመጣ ፍሎር አይቷቸው የማያውቃቸውን ኮርማዎች ስም ሰጠችው። መስኩን ከፋፍላ በስስ ሽቦ አጠረች፤ ማገጡ፣ ከብት የሚወደው ባለሦስት ቅጠል ተክል፣ ከሣሩ መሃል ተመልሶ ብቅ አለ። ላሞቹ አረገዙ። ይህን ሁሉ የነገሯት ነበር፤ ያልነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ትራክተሩ ዝም አለ። ማታ ላሞቹ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ አንገቱን የሚያቀና የለም። ኤትና ማሽኑን ሳታስነሳ ትጠብቃለች። «ፍሎር?» ትላለች። «በል እንጂ፣ አልሰድብህም።» ላሞቹ ያመሰኳሉ እንጂ ማንም አይሰማም። አንድ ምሽት ባልዲውን ደፍታ ተቀመጠችበትና፣ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች። ከአምስት ዓመት በኋላ እርሟን አወጣች። የተሻላት እንዳይመስላችሁ፤ ቤቱ ባዶ ሆነባት።

በተከታዩ ጸደይ ማኅበሩ ታይግ ግቢ ተሰበሰበ። መስኩን ዞረው ዞረው ከቤቱ በላይ ያለው ተዳፋት ላይ ደረሱ። ከፍሎር ዳገት ይልቅ ለዘብ ይላል፤ ግን ተዳፋት ነው። ሣሩ ሸምግሏል፣ ሥሩ በሻጋታ ታንቋል። ከታይግ መሬት ሁሉ ቶሎ የሚደርቀው እሱ ነው፤ በዚያ አያያዝ ላሞቹን በጸደይ ሊያበላ አይችልም። ሁሉም አዩት። ሁሉም የሚባለውን ያውቃሉ፤ ሁሉም ደግሞ ወደ ኤትና አዩ።

«አንቺ ንገሪኝ» አለ ታይግ። «ጉድለቴ ምንድን ነው?»

ያኔ ነው የገባት። እነዚህ ሰዎች ለአራት ዓመት ማድ ቤቷ ውስጥ ምን ታቅፈው ይቀመጡ እንደነበር አሁን በአፏ ውስጥ ቀመሰችው። ቃሉ ምላሷ ላይ ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ ፊቷ ቆሟል፣ ጉልበቱ ያመዋል፣ የሚተካው የለውም። «ደህና ነው» ብትል ማንም አይፈርድባትም። ከብቱ ግን የሷ እንደነበረው ቀስ እያለ ይሞታል፤ እሱም ከከብቱ ጋር።

«ሣሩ ሞቷል፣ ታይግ» አለች። «ገልብጠህ አዲስ መዝራት አለብህ። ለምን እስካሁን እንዳቆየኸው አይገባኝም።»

«ራሴ ነኝ የማርሰው» አለ።

«አውቃለሁ።»

ማኅበሩ ሻዩን ጠጥቶ ተበተነ።

ታይግ የሚያርስበትን ቀን አልነገራትም። ግን መሬቱ የሚደርቅበትን ቀን ማንም ገበሬ ያውቀዋል። ነፋሱ ሦስት ቀን ከምሥራቅ ነፍሶ ባደረ ማለዳ፣ ኤትና ላሞቿን ቶሎ አልባ ወደ መስክ ለቀቀችና መኪናዋን አስነሥታ ሄደች። ምን እንደምታደርግ አታውቅም፤ ዳገት ላይ ያለ ሰው ቢገለበጥ ከታች የቆመች ሴት ምን ታደርጋለች? ብቻ ሄደች።

ከታይግ ግቢ መታጠፊያ ስትደርስ ማቆሚያ አጣች። የፓትሲ መኪና አጥሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ከኋላው የሌላው፣ ከኋላው የሌላው። ማንም ማንንም አልጠራም ነበር። ሰዎቹ በአጥሩ ሥር ተራርቀው ቆመው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ሰላም ሳይባባሉ ወደ ላይ ያያሉ። ኤትናም ቦታዋን ያዘች። ታይግ እላይ ትራክተሩን ቀስ አድርጎ ያዞራል፤ ወደ ታች አንድ ጊዜ አየ፤ ያያቸው አይመስልም፤ ሥራውን ቀጠለ። እስኪወርድ ድረስ ማንም ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።